ከ128ቱ አንዱ

ሚኒሶታ የመካከለኛው ዘመን አባት ለማግኘት ብዙ የደከመ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኦሎፍ ኦማን የተባለ ስዊድናዊ ስደተኛ ገበሬ ኬንሲንግተን በምትባል መንደር አጠገብ መሬቱን ሲመነጥር፣ የዛፍ ሥር ያቀፈው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አገኘ። ጽሑፉ በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ፊደል የተቀረጸ ሲሆን 1362 የሚል ዘመን ይዟል፤ ስምንት ጎቶችና ሃያ ሁለት ኖርዌያውያን እዚያ ድረስ እንደተጓዙ ይተርካል። እውነት ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ኮሎምበስን በ130 ዓመት ቀድመውታል ማለት ነበር። የቋንቋና የጥንት ጽሑፍ ሊቃውንት ግን ድንጋዩ የተቀረጸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብለው ከፈረዱ ቆይተዋል። ድንጋዩ ዛሬም አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው ሙዚየም በክብር ቆሟል።

ለምን እንደቆመ መረዳት አያስቸግርም። በግዛቱ ከጀርመን ቀጥሎ በብዛት የሚጠቀሰው የትውልድ አገር ኖርዌይ ነው፤ የግዛቱ የፉትቦል ቡድን እንኳን ስሙ ቫይኪንግስ ነው። ስደተኛ ገበሬ ሆኖ ለመጣ ሕዝብ፣ ከእርሱ በፊት እዚህ መሬት ላይ የቆመ አባት ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር።

ዛሬ የድንጋዩን ቦታ የወሰደው በፖስታ የሚመጣ ትንሽ ሣጥን ነው። ጉንጭን ከውስጥ በዘንግ ጠርጎ ወይም ምራቅን በብልቃጥ ሞልቶ መላክ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስልክ ላይ ውጤት ይመጣል። በፕሊማውዝም ሆነ በሌሎቹ የሚኒያፖሊስ ምዕራባዊ ከተሞች ሣጥኑ የገና ስጦታ ከሆነ ሰንብቷል፤ የእኛ የኢትዮጵያውያኑም ልጆች ገብተውበታል። አንዱ ጎረቤት «የቫይኪንግ መስመር» የሚል ወረቀት ሲያሳይ፣ የእኛ ልጅ በበኩሉ «ኢ» በሚል ፊደል የሚጀምር ኮድና ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ ሜዲትራኒያንን የሚያቋርጥ ቀስት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ነው እኔን የሚያሳስበኝ፦ «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

መጀመሪያ ወረቀቱ የሚለካውን እንይ። ዋይ የሚባለው ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። ሙሉ ንባቡ የተጠናቀቀው ገና በ2023 ሲሆን 62 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ከአባት ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ያ ለውጥ ለልጁም፣ ለልጅ ልጁም፣ ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት ወንዶች ሁሉ ይተርፋል። ጠለቅ ያለው ምርመራ 15 ሚሊዮን ገደማ ፊደላትን ያነባል፤ በዚህ ስፋት አዲስ ለውጥ የሚታየው በአማካይ በ80 ዓመት አንዴ ያህል ነው። ተመራማሪዎች ለውጦቹን ቆጥረው ሁለት ወንዶች የሚገናኙበት አባት መቼ እንደኖረ ይገምታሉ። ሳይንሱ ጠንካራ ነው። ችግሩ የሚመጣው በቁጥሩ ላይ ስም ሲለጠፍ ነው።

ለዚህ ከአየርላንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2006 የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከአምስት ወንዶች አንዱ ያህል በጣም የተቀራረበ የአባት መስመር እንዳለው አስታወቁ። መስመሩ ዛሬ አር-ኤም222 ይባላል። አካባቢው ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ኡይ ኔል የተባሉት ወገኖች የገዙት ነበር፤ እነርሱም ራሳቸውን የንጉሥ ኒያል ልጆች ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ የመስመሩ አባት ኒያል ራሱ ሊሆን ይችላል አሉ። የተጠነቀቁበት ግምት ጋዜጦች ላይ ሲደርስ እርግጠኛ ወሬ ሆነ፤ የምርመራ ድርጅቶችም የንጉሡን ስም ለደንበኞቻቸው ማደል ጀመሩ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የንጉሥ ዘር ሆኑ።

በኋላ ክሮሞዞሙ በስፋት መነበብ ሲጀምር መስመሩ ከኒያል በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚበልጥ ታወቀ። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝም ከአየርላንድ ነገሥታት ጋር የማይገናኙ ቅርንጫፎች ተገኙለት። ንጉሡ ከመስመሩ ባለቤቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ግን አይደለም። ተረቱ ከእውነቱ ጋር አንድ ነገር ብቻ ይጋራል፤ እርሱም የሥልጣን ነገር ነው። የዚያ አገር ጌቶች ብዙ ሚስት ያገቡ፣ ከብዙ ሴቶች ይወልዱ፣ ለልጆቻቸውም መሬት ያወርሱ ነበር። በ1423 የሞተው ተርሎ ኦዶኔል ከአሥር ሴቶች 18 ወንዶች ልጆች እንደወለደና በወንድ በኩል 59 የልጅ ልጆች እንደነበሩት የዘር መዛግብቱ ይናገራሉ። እንዲህ ያለው ሁኔታ በጥቂት ትውልድ ከተደጋገመ አንድ ክሮሞዞም አገር ይሞላል። ሌላው ገበሬ ደግሞ ሦስት ሴት ልጆች ወልዶ ያሳድጋል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእርሱ ዋይ ክሮሞዞም ግን ከእርሱ ጋር ተቀብሯል። የአባት መስመር መብዛት የሚያሳየው የማን ወንዶች ልጆች መሬትና ሚስት እንዳገኙ ነው።

ይህን ከእኛ ታሪክ ጋር ማስተያየት ደስ ይለኛል። ለአየርላንዱ ጌታ የወንድ ዘር መብዛት ኃይል ሲሆን፣ ለኢትዮጵያው ንጉሥ ግን ስጋት ነበር። ስለዚህ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንድ ዘመዶች በግሸን አምባ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሠ ወዲህ ዙፋኑን የያዘው ሥርወ መንግሥት መሠረቴ ሰሎሞን ነው ይል ነበር፤ በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ በሁለተኛው አንቀጽ አጸና። ልብ በሉ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐረግ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚደርሰው በአያታቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው፤ እርሳቸው የደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ባለቤትና የራስ መኮንን እናት ናቸው። ከአፄ ምኒልክ በኋላ ልጅ ኢያሱ የነገሡት በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል ሲሆን፣ ንግሥት ዘውዲቱም የምኒልክ ልጅ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ዘውድ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተላለፈው ሴት በምትገኝበት ሐረግ ነው። የአባት መስመር ብቻ የሚያነብ ላቦራቶሪ ቢጠየቅ ኃይለ ሥላሴ የሣህለ ሥላሴ ዘር መሆናቸውን አያውቅም። ታሪክ ግን ያውቃል።

ነገሩ በቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። የሰሜኑ ገበሬ ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አላን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ያጠናውና በ1973 መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመው ይህንኑ ነው፦ ሰው መሬት ለማግኘት እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሐረግ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ግን በወንድ ወርዶ በሴት ይሻገራል፣ ከዚያ እንደገና በወንድ ይቀጥላል። ባለሙግቱ የአያቱን እናት ስም ካላወቀ ርስቱ ያመልጠዋል። ሰባት ቤት ተቆጥሮ የሚከለከለው ጋብቻም እንዲሁ ሁለቱንም ወገን ያያል። በኦሮሞና በሶማሌ ዘንድ ቆጠራው በአባት በኩል እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ እዚህ ሚኒሶታ ያሉ የሶማሌ ልጆች ከአሥር በላይ አባቶቻቸውን በቃላቸው ሲጠሩ መስማት የሚያስደንቅ ነው። የርስቱ ቆጠራ ግን ከዚህ የተለየ ጥበብ ነበረው፤ እርሱም በ1975 የመሬት አዋጅ ከሕግ ወጣ።

ሒሳቡን እንሥራው። ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። ሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ይደርሳል። ከእነዚህ ውስጥ የአባት መስመር የሚያሳየው አንዱን ነው። አሥረኛው ላይ ከ1,024 አንዱን። የቫይኪንግ ዘመን የ40 ትውልድ ያህል ርቀት አለው፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ ትርጉም ያጣል፤ አንዱ ሰው በብዙ መንገድ ቅድመ አያት ሆኖ ይደጋገማልና።

አይስላንድ ይህን በአገር ደረጃ ታሳያለች። ደሴቲቱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ስትሠፈር የገቡት አባቶች ከሦስት አራተኛ የማያንሱት ከስካንዲኔቪያ መሆናቸውን የዋይ ክሮሞዞም ጥናት ያሳያል። በእናት ብቻ የሚተላለፈው የዘር ቅንጣት ሲጠና ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ወገን ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልመጡም። የአባቱን ወረቀት ብቻ ያነበበ አይስላንዳዊ «ኖርዌያዊ ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል፤ በመርከብ ተጭነው የመጡት እናቶች ከታሪኩ ይወጣሉ።

«የቫይኪንግ መስመር» የሚባለውም እንዲሁ መፈተሽ አለበት። በስዊድን ከሦስት ወንዶች ከአንድ የሚበልጠው አይ1 የተባለውን መስመር ይዟል፤ ኖርዌይም ብዙ አትርቅም። በሕይወት ያሉት ባለቤቶቹ በሙሉ ከ4,600 ዓመት ገደማ በፊት ከኖረ አንድ ሰው ይወለዳሉ፤ ይህም ከቫይኪንጎች ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የሚቀድም ነው። በ2020 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የ442 ጥንታዊ ሰዎችን ዲኤንኤ መርምሮ ነበር። ኢስቶኒያ ውስጥ ሳልሜ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ750 ገደማ በመርከብ ከተቀበሩት ተዋጊዎች አራቱ ወንድማማቾች መሆናቸውን አገኘ፤ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እዚህ የአባት መስመር የቤተሰብ ሐዘን ያነባል። ስኮትላንድ አጠገብ ባሉት የኦርክኒ ደሴቶች ደግሞ ሁለት ሰዎች በቫይኪንግ ሥርዓት፣ ከቫይኪንግ ሰይፍ ጋር ተቀብረው ተገኙ፤ በዘር ሲመረመሩ ግን የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። ሰይፉን ይዘው የኖሩትም የሞቱትም ቫይኪንግ ሆነው ነው። ቫይኪንግነት ሥራና አኗኗር እንጂ ክሮሞዞም አልነበረም።

አሁን ወደ ልጃችን ቀስት ልመለስ። ኢ-ኤም35 የሚባለው የአባት መስመር ሥሩ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታሰባል፤ ዕድሜው ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ከእርሱ የወጣው ኢ-ኤም78 በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ በረታ። ሞሮኮ ውስጥ ታፎራልት በተባለ ዋሻ የተገኙ 15 ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ ወንዶች አብዛኞቹ ይህንኑ ይዘዋል። ከእርሱ ኢ-ቪ13 የተባለው ቅርንጫፍ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ስፔን ውስጥ አቬያነር በተባለ ዋሻ 7 ሺህ ዓመት ገደማ በሆነው አንድ ሰው ላይ ታይቷል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አነስተኛ ሆኖ ቆየ። የበዛው ዘግይቶ፣ ከነሐስ ዘመን ወዲህ በባልካን አገሮች ነው። በኮሶቮ አልባኒያውያን ላይ በ2005 በታተመ ጥናት ከአሥር ወንዶች ከአራት በላይ የሚሆኑት የዚህ ወገን ነበሩ። ከባልካን በሮማ ጦር ሠራዊት፣ በኋላም በመካከለኛው ዘመን የሕዝብ ፍልሰት እየተበተነ ጀርመንና ብሪታንያ ድረስ በጥቂቱ ይገኛል። ስለዚህ ፕሊማውዝ ውስጥ የጀርመን ስም ያለው ሰው ወረቀቱን ከፍቶ «ኢ» ቢያይ የሚያስገርም ነገር የለበትም። ከኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ጋር አባታቸው አንድ ነው፤ የተለያዩት ግን ከ13 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የዚህ ታሪክ ልብ የሚነካው ክፍል ያለው ሰርቢያ ውስጥ ነው። ቪሚናኪዩም በዳኑብ ወንዝ ዳር የነበረ የሮማ ጦር ከተማ ነበር። በ2023 በታተመው የባልካን የዘር ጥናት እዚያ ከተቀበሩት አንዱ ወጣት ሙሉ በሙሉ የምሥራቅ አፍሪካ ዘር ሆኖ ተገኘ። የአባቱ መስመር ኢ-ቪ32 ነው፤ ዛሬ በሶማሌና በኦሮሞ ወንዶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ማለት ነው። መቃብሩ ውስጥ የንስር ምስል ያለበት የዘይት መብራት ነበር፤ ንስር የሮማውያን አምላክ የጁፒተር ምልክት ነው። የጥርሱ ኬሚካላዊ ምርመራ በልጅነቱ ከሌሎቹ የተለየ፣ ከባሕር የሚገኝ ምግብ ይበላ እንደነበር ያሳያል። ወታደር ይሁን ነጋዴ ወይም ባሪያ ክሮሞዞሙ አይናገርም። በከተማው ዙሪያ የሚኖሩት የአገሬው ወንዶች ደግሞ የኢ-ቪ13 ባለቤቶች ነበሩ። የአንድ አባት ልጆች ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ በዳኑብ ዳር ተገናኙ፤ ማናቸውም አላወቁም፤ የተቀበረውም በአባቱ ሥርዓት ሳይሆን በኖረበት ከተማ ሥርዓት ነው።

ታዲያ የእኛ ልጅ የሚያየው ካርታ ለምን ደብዛዛ ይሆናል? መልሱ ቀላል ነው፤ ተመዝጋቢ የለንም። ለዓለም የዘር ጥናት መነሻ የሆነው የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት 26 ሕዝቦችን ሲያካትት ከኢትዮጵያ አንድም አልነበረበትም። አየርላንዳዊው መስመሩን እስከ ወረዳ ድረስ ሲያወርድ እኛ ሺህ ዓመታት ላይ ቆመን እንቀራለን። ጥናት አልተሠራም ማለቴ አይደለም። በ2012 በሉካ ፓጋኒ መሪነት የወጣው ጥናት ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ሕዝብ ከአገሬው ጋር መቀላቀሉን አሳይቷል። በ2015 ይፋ የሆነው ጋሞ ውስጥ በሞጣ ዋሻ የተገኘው ሰው 4,500 ዓመት ያስቆጠረ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ሙሉ ዘሩ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ነው። በ2021 ደግሞ ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ ከ1,200 በላይ ኢትዮጵያውያን ተጠኑ። ይህ ሁሉ ግን በንግድ ምርመራ መዝገብ ውስጥ ዘመድ የሚያገናኝ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከጥናቶቹ በግልጽ ይነበባል፤ አገር ቤት ላለውም እዚህ ላለውም ሰው ልለው የምፈልገውም ይህን ነው። በ2002 የአማራና የኦሮሞ ወንዶች የአባት መስመር ጎን ለጎን ተጠንቶ ነበር። በአማሮቹ ጄ የሚባለው፣ በኦሮሞዎቹ ደግሞ የኢ መስመር ድርሻ ከፍ ይላል፤ ዋና ዋናዎቹ ቅርንጫፎች ግን በሁለቱም ውስጥ አሉ። ከሰው ልጅ የአባት መስመሮች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ወገን የሆነው ኤ-ኤም13 በሁለቱም ዘንድ ከአሥር ሰው ከአንድ በላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ጎጃም የተወለደ ሰው በአባት መስመሩ ከደብረ ማርቆስ ጎረቤቱ ይልቅ ወለጋ ላለ ሰው ሊቀርብ ይችላል። ልጅ የአባቱን ብሔር ይዞ በሚመዘገብበትና በዚያም ምክንያት ሰው በሚፈናቀልበት አገር፣ የዘር ወረቀት ይዞ «የእኛ ደም» የሚል ሰው ሳይንሱን አላነበበም። ክሮሞዞሙ ብሔር አያውቅም፤ ብሔር የሚባለው ነገር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነውና።

ምርመራው ጥቅም የለውም ማለት ግን ክፋት ነው። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከማገዷ በፊት ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ መጥተዋል፤ ሚኒሶታም ብዙዎቹን ተቀብሏል። ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ለሚፈልጉት ይህ ሣጥን ብቸኛው በር ሊሆን ይችላል። እነርሱን የሚረዳው ግን ሁለቱንም ወገን የሚያነበውና የአክስትና የአጎት ልጅ የሚያገኘው ምርመራ ነው፤ የአባት መስመር ብቻውን የሺህ ዓመት ዘመድ ያመጣላቸዋል። ለዚህም ነው አገር ቤት ያለ ዘመድ መመዝገቡ ዋጋ የሚኖረው።

ምራቁ ሲላክ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በ1993 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በተፈጸመ ግድያ በ2019 ተጠርጣሪ የተያዘው መርማሪዎች በዘር ሐረግ መዝገብ ዘመዶቹን አግኝተው፣ ከዚያም በሆኪ ጨዋታ ላይ የጣለውን ናፕኪን መርምረው ነው። ሰውየው ራሱ መመዝገብ አላስፈለገውም። ከትልልቆቹ ድርጅቶች አንዱ 23ኤንድሚ ደግሞ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተመዝብሮበት፣ በመጋቢት 2025 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ የደንበኞቹም መረጃ ከንብረቱ ጋር ለሽያጭ ቀረበ። ቤተሰብ ሳይማከር ሣጥኑን መላክ ተገቢ አይመስለኝም።

ልጆቻችሁ ከጠየቋችሁ ምርመራውን አትከልክሏቸው፤ ግን ከእርሱ በፊት ሌላ ሥራ ይቅደም። በመጪው እሑድ ደሴ፣ ነቀምቴ ወይም አዲስ አበባ ስትደውሉ የአያታችሁን እናት ስም ጠይቁ፤ ከየት መንደር ተድራ እንደመጣች፣ አባቷ ማን እንደነበር ጠይቁና ጻፉት። የአባቶችን ስም ስማችን ራሱ ይይዘዋል። የእናቶቹን የሚያውቁት አሮጊቶች ግን እያለፉ ነው።